መጽሐፍና ጉባኤ፦ የኢትዮጵያ መንፈሳዊ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት የታሪክ ቅኝት

ምሥራቅ ጎጃምን ከአምበር ተነሥቶ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚዘልቅ ሰው፣ በየደጋው ላይ በጽድና በወይራ የተከበቡ አድባራትን ያያል። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም፣ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምና ሞጣ ጊዮርጊስ የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። ምእመኑ ለንግሥና ለጸሎት ይሄድባቸዋል፤ እንግዳው ሥዕላቸውንና ሕንፃቸውን ያደንቃል። የትምህርት ታሪክን ለሚያጠና ሰው ግን እነዚህ ቦታዎች ሌላም ነገር ናቸው። መምህር፣ ተማሪና መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ አጥር ግቢ አብረው የኖሩባቸው መንፈሳዊ ትምህርት ቤቶች፣ ከነቤተ መጻሕፍታቸው ናቸው።

ይህ ቅኝት የእነዚያን ቤተ መጻሕፍት ጉዞ ከአክሱም ዘመን እስከ ዛሬ ይከተላል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የእያንዳንዱን ብራና ዝርዝር ለልዩ ባለሙያዎች ትቶ፣ ዘመናቱን የሚያያይዘውን ክር ይይዛል። ክሩም ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ መጽሐፍ የተጻፈውም የዳነውም በአብዛኛው ጉባኤ ባለበት ነው፤ መጽሐፍና ጉባኤ በተለያዩ ቁጥር ሁለቱም ተጎድተዋል።

የጉባኤ ቤቱ አሠራር

ወደ ዘመናቱ ከመግባታችን በፊት የምንናገርለትን ቤተ መጻሕፍት እንወቀው። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ከንባብ ቤት ይጀምራል፤ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ መጻሕፍት ቤት ይደርሳል። መጻሕፍት ቤቱም በብሉያት፣ በሐዲሳት፣ በሊቃውንትና በመጻሕፍተ መነኮሳት ይከፈላል። በዚህ መንገድ የመጨረሻው እርከን ላይ የሚደርሰው ተማሪ ጥቂት ነው፤ ለዚያ የበቃው ግን ዕድሜውን ከመጽሐፍ ጋር ያሳለፈ ሰው ነው።

መጻሕፍቱ የሚቀመጡት በዕቃ ቤት ነው። ከመስቀሉ፣ ከጽንሐውና ከአልባሳቱ ጋር አብረው ይጠበቃሉ። ትልልቆቹ በሣጥን ወይም በመደርደሪያ ላይ ይሆናሉ፤ ትንንሾቹ በቆዳ ማኅደር ገብተው ከግድግዳ ላይ ይንጠለጠላሉ። ዕቃ ቤቱ ለማንም አይከፈትም፤ ቁልፍ ያዡ ኃላፊነቱን በማኅበሩ ፊት ተቀብሎ፣ ሲለቅም ቆጥሮ ያስረክባል። መጽሐፍ ለቅዳሴ፣ ለማኅሌት ወይም ለጉባኤ ሲወጣ በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ይገባል።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። አንድ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የፍየል ወይም የበግ ሌጦ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይነሣል፣ በድንጋይ ይታሻል፣ ይደርቃል፣ በልክ ይቆረጣል። ከዚያ በወስፌ መስመር ይሰመርበታል። ቁም ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ቀርጾ፣ ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል በተሠራ ጥቁር ቀለም ጽሑፉን ይጽፋል፤ ለቅዱሳን ስምና ለርእስ ቀይ ቀለም ይይዛል። ጥራዞቹ በመጨረሻ በእንጨት ገበታ መካከል ተሰፍተው ድጉስ ቆዳ ይለብሳሉ። አንድ ትልቅ ወንጌል የብዙ እንስሳትን ቆዳና የብዙ ወራትን ድካም ይጠይቃል። ስለዚህም ያጻፈው ሰውና የጸሐፊው ስም በመጽሐፉ ላይ ይሰፍራል፤ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃልም ይታከልበታል።

እንዲህ ውድ የሆነ ነገር ለእያንዳንዱ ተማሪ ሊዳረስ አይችልም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ ቁራሽ ለምኖ እየኖረ የሚማረው አብዛኛውን በቃሉ ነው። በመጻሕፍት ጉባኤ አንዱ ተማሪ ንባቡን ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማሉ፣ ሌሎቹ ሰምተው ይይዛሉ፣ ማታ ደግሞ እርስ በርስ ይቀጻጸላሉ። የጉባኤ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንግዲህ በሁለት ቦታ የተቀመጠ ሀብት ነው፤ ግማሹ በዕቃ ቤት በብራና ላይ፣ ግማሹ በመምህሩና በደቀ መዛሙርቱ አእምሮ ውስጥ ይኖራል። ቀጥሎ የምናያቸው ዘመናት ሁሉ የእነዚህ ሁለት ግማሾች የመገናኘትና የመለያየት ታሪክ ናቸው።

አክሱም፦ የትርጉም ዘመን

መነሻው አክሱም ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ዘመን ክርስትና የመንግሥቱ ሃይማኖት ሆነ፤ ፍሬምናጦስም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብለው የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኑ። አዲሱ እምነት ወዲያው መጽሐፍ አስፈለገው። በተከታዮቹ መቶ ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። መጽሐፈ ቄርሎስ፣ የገዳማት መተዳደሪያ የሆነው ሥርዓተ ጳኩሚስ፣ ፊሳልጎስም በዚሁ ዘመን ተተረጎሙ።

የዚህ ዘመን ታላቅ ምስክር በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ናቸው። የብራናቸው የካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸውን እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጦታል፤ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ጥንታውያን ባለ ሥዕል ወንጌላት ያሰልፋቸዋል። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌም በሌላው ዓለም በቁርጥራጭ ሲቀሩ፣ ሙሉ ሆነው ለዓለም የደረሱት በግእዝ ብቻ ነው። እነዚህን መጻሕፍት ያዳናቸው የሚያነባቸውና የሚገለብጣቸው ማኅበር አለመቋረጡ ነው። ባጭሩ፣ አክሱም ለኋለኛው ዘመን ሁለት ነገር አወረሰ፤ የተተረጎመ መጽሐፍንና መጽሐፍን የሚጠብቅ ገዳምን።

የታላላቅ ገዳማት ዘመን

አክሱም ከተዳከመ በኋላ ያለው ጊዜ በጽሑፍ ምስክር ድሀ ነው። ብርሃኑ ዳግም የሚደምቀው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ የኋለኞቹ ታላላቅ የገዳማት መሥራቾች አያሌዎቹ የዚህ ቤት ፍሬዎች ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ ያጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። መጽሐፍ የሚያጽፍ መምህርና ያንን ተምሮ ወደ ሌላ አገር የሚወጣ ደቀ መዝሙር፣ የሐይቅ ሥርዓት ይህ ነበር።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛው የትርጉም ማዕበል መጣ። ከእ.ኤ.አ. 1348 እስከ 1388 በጵጵስና የቆዩት አባ ሰላማ መተርጉም፣ ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንዲመለሱ ስላደረጉ ስማቸው ከሥራቸው ጋር ተቆራኝቶ ቀረ። ገዳማዊው ሕይወት ወደ ጎጃምም የተስፋፋው በዚሁ ዘመን ነው፤ በቢቸና አካባቢ የሚገኘውን ዲማ ጊዮርጊስን የመሠረቱት አቡነ ተከሥተ ብርሃን የዚህ ትውልድ ሰው ናቸው።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ መጽሐፍን የመንግሥት ጉዳይ አደረጉት። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ታዘዘ፤ ስለዚህ በብዙ አድባራት ተገለበጠ። ከንጉሡ ጋር በሃይማኖት ሥርዓት ያልተስማሙት ደቂቀ እስጢፋኖስም በጉንዳ ጉንዶ ገዳማቸው የራሳቸውን ድንቅ የጽሕፈትና የሥዕል ትምህርት ቤት አቆሙ። ንግሥት እሌኒ መርጡለ ማርያምን ያሳነጹት በዚህ ዘመን መጨረሻ፣ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። በአንድ ቃል፣ በ1500 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ገዳማት ቤተ መጻሕፍት ሞልተው ነበር።

ቃጠሎ፣ ስደትና የሮም ማተሚያ

የመጀመሪያው ታላቅ ስብራት የመጣው ይህ ሙላት ገና ሳይጎድል ነው። ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት (1521 ዓ.ም.) ጀምሮ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም እስከወደቀበት እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። የኢማሙን ዘመቻ አብሮ እየተጓዘ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የደብረ ሊባኖስን መቃጠል ጭምር መዝግቧል። የዳኑት መጻሕፍት በዋሻ፣ በአምባና በደሴት የተሸሸጉት ናቸው፤ የጣና ደሴቶች ገዳማት ለዚያ ዘመን የመጽሐፍ መጠለያ ሆኑ።

በዚያው ዘመን ከአገር ርቆ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰባስበው ይኖሩ ነበር። የግእዝ ዳዊት በማተሚያ መሣሪያ የታተመው በዚያ በሮም እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ከደብረ ሊባኖስ ወደዚያ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አሳተሙ። አገር ቤት ብዙ ብራና ከነደደ በኋላ፣ የሐዲስ ኪዳኑ ቃል በብረት ፊደል በሺህ በሚቆጠር ማይል ርቀት ተተከለ። ይህ የስደት ጉባኤ ቤት የአውሮፓን የግእዝ ጥናት ወለደ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ጎርጎርዮስ ለጀርመናዊው ሊቅ ለሂዮብ ሉዶልፍ ያስተማሩት ትምህርትም የዚሁ ቅጥያ ነው።

ቀጥሎ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ዘመን መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊካዊነትን ተቀበሉ፤ አገሪቱ በሃይማኖት ክርክርና በጦርነት ታመሰች፤ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ክርክሩ ግን መልካም ውጤትም ነበረው፤ ሊቃውንቱ እምነታቸውን በማስረጃ ለማስረዳት ወደ መጻሕፍቱ ተመለሱ። የሚቀጥለው የጎንደር ዘመን የትርጓሜ ዘመን የሆነው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

ጎንደርና ጎጃም፦ የጉባኤው ከፍታ

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ቤተ መንግሥት፣ ደብርና ጉባኤ በአንድ ከተማ ተሰበሰቡ። የፈረሰው ተተካ፣ የተቃጠለው ዳግም ተጻፈ። የመጻሕፍት ትርጓሜ ወግ ተደራጅቶ አንድምታ የተባለው የአማርኛ ማብራሪያ መልክ ያዘ፤ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ መምህር መምህር ኤስድሮስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎልተው ይጠቀሳሉ። የትምህርቱ ክፍሎች በየቦታው ተመደቡ፤ አቋቋም በጎንደር፣ ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ ምስክር ወንበር አገኙ።

ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ሆነ። ጎንጅና ዋሸራ የተሰኙት የቅኔ መንገዶች በዚያ ጸኑ፤ ከትግራይ፣ ከወሎና ከሸዋ የሚነሣ ተማሪ ዓባይን ተሻግሮ ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም መውረድ ልማድ ሆነ። ቅኔ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ድርሰት እንዲያቀርብ ስለሚያስገድድ፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ፣ ገድላትንና የግእዝ ሰዋስውን አንድ ላይ ማወቅን ይጠይቃል። ስለዚህ የቅኔ ቤት ባለበት ሁሉ መጽሐፍ ይፈለጋል፣ ይገለበጣል፣ ይተቻል።

ሞጣ ጊዮርጊስ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደብሩን አቋቋመች፤ ርስትና ጉልት ተመደበለት፤ ካህናትና መምህራን ሰፈሩበት። በሞጣና በቀራንዮ መጻሕፍት ላይ አንድ ልዩ ነገር ይታያል። የወንጌሉ ንባብ ባለቀበት ባዶ ገጽና በኅዳጎቹ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ዋጋው ምን ያህል እንደነበረ፣ ዋስና እማኝ ሆነው የቆሙት እነማን እንደሆኑ ስማቸው ተዘርዝሯል። ሕዝቡ ውሉን በወንጌል ላይ ያስጻፈው ከዚያ የሚበልጥ አስተማማኝ ቦታ ስላልነበረው ነው። የዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች የጎጃምን የመሬት ይዞታና የሴቶችን የንብረት መብት ካጠኑባቸው ዋና ምንጮች አንዱ ይህ ነው። የደብሩ ቤተ መጻሕፍት እንግዲህ የአውራጃው መዝገብ ቤትም ነበር።

እስካሁን ያየነውን ስናጠቃልለው፣ እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ መጽሐፍ ቢጠፋም ጉባኤው ይተካው ነበር። ቃጠሎ አልፎ ዳግመኛ የሚጽፍ ሰው አልጠፋም። የሚቀጥለው ዘመን የሚለየው መጻሕፍቱ ሳይቃጠሉ ከጉባኤው መራቃቸው ነው።

መጻሕፍቱ ከአገር የወጡበት ዘመን

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1770 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎንደር ቆይቶ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1821 ሲወጣ የአውሮፓ የሃይማኖት ጥናት ተናወጠ። እ.ኤ.አ. ከ1837 በኋላ በኢትዮጵያ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከሁለት መቶ በላይ ብራናዎችን ሰበሰበ፤ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

በዚሁ ዘመን አንድ የጎጃም ሊቅ በካይሮ ትልቅ ሥራ ሠሩ። በፈረንጆች ዘንድ አቡ ሩሚ ተብለው የሚታወቁት እኒህ ሰው እስከ ህንድ ድረስ የተጓዙ ነበሩ፤ በካይሮ የፈረንሳይ ቆንሲል በነበረው በአሴሊን ደ ሸርቪል ጠያቂነት መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱ። ሥራው አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1819 ካረፉ በኋላ የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዛው፤ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። በጎጃም ጉባኤ የተሞረደ አእምሮ ያፈራው ትርጉም ታትሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም ለአማርኛ አንባቢዎች ዋናው መጽሐፍ ቅዱስ ሆነ።

ትልቁ መለያየት የደረሰው በመቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ሊያሠሩ ላሰቡት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በተለይ ከጎንደር አድባራት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ብራናዎችን አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠውተው አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ስብስቡን ዘረፈው፤ ዘረፋው በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ወደ 350 የሚደርሱ ብራናዎች ለብሪታንያ ቤተ መዘክር ሲገቡ ሌሎቹ በወታደርና በሹም እጅ ተበተኑ። ክብረ ነገሥት በዐፄ ዮሐንስ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1872 ተመልሷል፤ አብዛኛው ግን እስከ ዛሬ በለንደን ነው። የብራናዎቹ እንክብካቤ በዚያ መልካም መሆኑ አይካድም። ሆኖም የተጻፉት እንዲቀደስባቸውና እንዲተረጎምባቸው ነበር፤ ያ ሥራቸው ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ይህን ስብራት አከፋው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ደቀ መዛሙርት ተጨፈጨፉ። ከእያንዳንዱ መምህር ጋር በቃል የተያዘው ትምህርት አብሮ ተቀበረ። የጉባኤ ቤቱ ሁለተኛ ግማሽ፣ በሰው አእምሮ ያለው ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲህ ባለ ግፍ ሲጠፋ ምትክ አይገኝለትም።

ማተሚያ ቤትና ዘመናዊ ሴሚናሪ

ከወረራው በፊት ጀምሮ ሌላ ለውጥ እየመጣ ነበር። በ1914 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የግእዝና የአማርኛ መንፈሳዊ መጻሕፍትን ያወጣ ጀመር። በቃል ይወርድ የነበረው አንድምታ ለኅትመት በቃ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በትንሣኤ ዘጉባኤ ማተሚያ ቤቷ ሥራውን ቀጠለች። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት በ1948 ዓ.ም. ሲታተም፣ የአንድ ጉባኤ ቤት ዕውቀት በማንኛውም አንባቢ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ቻለ።

ከነጻነት በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮሌጅ ሆኖ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። ደርግ በመጣ ጊዜ ተዘጋ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ዳግም ተከፍቶ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍተኛ የነገረ መለኮት ተቋም ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም እ.ኤ.አ. በ1960 የራሷን ሴሚናሪ ከፈተች። የዚህ ሴሚናሪ ቤተ መጻሕፍት በመሠረት ስብሐት ለአብ ስም የሚጠራ የብራና ስብስብ አለው፤ 54ቱ ብራናዎች በዲጂታል ተነሥተው ራሱን የቻለ ካታሎግ ወጥቶላቸዋል። የፕሮቴስታንት ሴሚናሪ የግእዝ ብራና ጠብቆ ለተመራማሪ ማቅረቡ፣ ይህ ቅርስ ከአንድ ቤተ እምነት ድንበር ያለፈ የጋራ ሀብት መሆኑን ያስረዳል።

በእነዚህ ተቋማት ቤተ መጻሕፍት መልኩን ለወጠ። መደርደሪያ፣ የካርድ ካታሎግ፣ ማንበቢያ ክፍልና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መጡ። በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሥርቶ ብራና መሰብሰብና ማጥናት ያዘ። ተማሪው መጽሐፉን ተውሶ ብቻውን ማንበብ ቻለ። ይህ ትልቅ ዕድገት ነው። ነገር ግን አዲሱ ሴሚናሪ በከተማ፣ ብራናው በገዳም ቀረ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይም አስፈለገ።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የሁለቱ ዓለም ልጅ ነበሩ። በጎጃም እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በኋላም የዘመናዊው ትምህርትና የዲፕሎማሲው ዓለም ሰው ሆኑ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው በፍቅር እስከ መቃብር የዲማን ምድርና የቆሎ ተማሪውን ሕይወት ለአገሪቱ አንባቢ አስተዋወቁ። የምሥራቅ ጎጃም ጉባኤ ቤት ለዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሰጠው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከማይክሮፊልም ወደ ዲጂታል

ድልድዩን የመሥራቱ ጥረት እ.ኤ.አ. በ1973 በይፋ ተጀመረ። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የተነሣው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ከሚገኘው የቤኔዲክታውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ተባብሮ፣ እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎችን በፊልም አነሣ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ቀረ።

የዚህ ሥራ ምሰሶ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በሸዋ ሸንኮራ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴና በካይሮ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ተመትተው ሽባ ከሆኑ በኋላ ወደ ሚኒሶታ ሄዱ፤ እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን አንብበው በካታሎግ አቀረቡ። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የጉባኤ ቤቱ ዕውቀትና የዘመናዊው ቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ተዋሐዱ።

ፊልሙን ዲጂታል ተካው። በአሜሪካ ኦሪገን የጆርጅ ፎክስ ዩኒቨርሲቲ ሴሚናሪ መምህር የነበሩት ስቲቭ ደላማርተር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግል ሰዎችና በተቋማት እጅ ያሉ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በዲጂታል ማንሣት ጀመሩ። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትግራይ አድባራት እየዞሩ ብራና መዝግበዋል። የኮሌጅቪሉ ስብስብም በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል።

የመዝገብ ጥቅም በተግባር የታየበት አንድ ታሪክ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በስጦታ ያገኘው ሰፊ የኢትዮጵያ ስብስብ አለው። ከዚያ ውስጥ ገድለ ጳውሎስንና ገድለ ሰራባሞንን የያዘው ብራና ቀድሞ በደብረ ሊባኖስ ሳለ በማይክሮፊልም የተነሣ ሆኖ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲውም በ2008 ዓ.ም. መጽሐፉን ለገዳሙ መለሰ። የአንድ ሴሚናሪ ቤተ መጻሕፍት ለሌላው ይህን ሲያደርግ፣ ካታሎግ የባለቤትነት ምስክርም መሆኑ ተረጋገጠ።

የዛሬው ሁኔታና የሚጠበቅብን

ጉዞውን በአጭሩ እናጠቃልል። አክሱም ተረጎመች፤ ሐይቅና ሌሎቹ ገዳማት አበዙ፤ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት አቃጠለ፤ ጎንደርና ጎጃም ዳግም ሠሩ፤ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተነ፤ 20ኛው አተመ፣ ሴሚናሪ ከፈተ፣ ፊልም አነሣ፤ 21ኛው ምስሉን ለዓለም ዘረጋ። ከዘመን ዘመን የተሻገረው መጽሐፍ አንባቢ ማኅበር የነበረው ነው።

ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም አድባራት ላይ የተደቀነው አደጋ የታወቀ ነው፤ እሳት፣ እርጥበት፣ አይጥና ምስጥ፣ ከሁሉ በላይ ስርቆት። ጥንታዊ ብራና ለቱሪስትና ለነጋዴ ገንዘብ ነው፤ ገጽ በገጽ ተገንጥሎ የሚሸጥ ሥዕል አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ያልተመዘገበን መጽሐፍ ግን አዋጅ ብቻውን ሊያስመልሰው አይችልም። በቅርብ ዓመታት በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም ጉባኤ ቤቶችን ይጎዳል፤ መንገድ ሲዘጋ ተማሪ አይደርስም፣ ተማሪ ሲጠፋ መምህር ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል። አንደኛ፣ ከአምበር እስከ ሞጣ ያለው እያንዳንዱ ደብር የመጻሕፍቱን ዝርዝር ከነፎቶግራፉ ያዘጋጅ፤ አንዱን ቅጂ ለሀገረ ስብከቱ ይስጥ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስልክና ጥቂት የሠለጠኑ ዲያቆናት ይበቁታል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በቅርብ ስላለ ሥልጠናውን ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ በኮሌጅቪልም ሆነ በለንደን ያለው ዲጂታል ቅጂ ወደ ጉባኤ ቤቱ ይመለስ። የዲማ ወይም የመርጡለ ማርያም መምህር የራሱን ደብር መጽሐፍ ቅጂ ለማየት ወደ ውጭ አገር ድረ ገጽ መሄድ የለበትም፤ አንድ ላፕቶፕና አንድ ሃርድ ዲስክ በየጉባኤው ሊኖር ይገባል። ሦስተኛ፣ መምህሩና ተማሪው ይደገፉ። ቀለብና ልብስ የሌለው ጉባኤ ይፈርሳል፤ ጉባኤ የፈረሰበት ደብር መጽሐፉን የሚያነብ ቀርቶ ርእሱን የሚያውቅ ሰው ያጣል።

ለአንባቢም የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ከአያት የወረሰው፣ ከገበያ የገዛው ወይም በስጦታ ያገኘው ብራና በቤቱ ያለ ሁሉ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ያስነብብ። የደብር ስም ከተጻፈበት፣ ለዚያ ደብር ይመልስ።